አስቤዛ ማዘዝ፣ አዝዞ ሄዶ መቀበል ወይስ ራስ ገብቶ መግዛት? ዝርዝርን ከፋፍሎ የመገብየት አሠራር

የታዘዘ አስቤዛ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ እጄን የምሰደው ወደ ቲማቲሙ ነው። ፌስታሉ ሥር ሆኖ የዘይት ጠርሙስ ከተጫነበት፣ ዕቃውን ያዘጋጀው ሰው እንደተቻኮለ ሌላውን ሳላይ አውቃለሁ። ከላይ ከተቀመጠ፣ ያውም ጠንከር ያለው ከበሰለው ተለይቶ ከመጣ፣ ልቤ ያርፋል። ያ ሰው ለራሱም አስቤዛ ገዝቶ ያውቃል።

ለረጅም ጊዜ አንዱን መንገድ ብቻ ይዤ ነበር። መጀመሪያ ሁሉንም ራሴ ሱቅ ሄጄ እገዛ ነበር። ከዚያ ሥራ በዛብኝና ሁሉንም በስልክ ማዘዝ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወገቤንና የእረፍት ቀኔን በላው። ሁለተኛው ኪሴን ጎዳው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያላሰብኩትን ዕቃ ይዞብኝ መጣ። ቀስ እያልኩ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ «ልዘዝ ወይስ ልሂድ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቤት አንድ መልስ የለውም። ጥያቄው መነሳት ያለበት ለእያንዳንዱ ዕቃ ነው። ዱቄቱን ማዘዝ ልክ ሆኖ በዚያው ቀን ቲማቲሙን ማዘዝ ስህተት ሊሆን ይችላል።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ዴሊቨሪ ነው፤ በአፕ ወይም በስልክ ታዛላችሁ፣ ሌላ ሰው ይመርጥላችኋል፣ ቤት ድረስ ይመጣል። ሁለተኛው አዝዞ ሄዶ መቀበል ነው፤ ሱቁ አዘጋጅቶ ያቆያል፣ እናንተ በተባለው ሰዓት ሄዳችሁ ትወስዳላችሁ። ሦስተኛው የለመድነው ነው፤ ራሳችሁ ገብታችሁ፣ መርጣችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ተሸክማችሁ መውጣት። እኔ ሦስቱንም እጠቀማለሁ። አሠራሬን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት

ወረቀት አውጡና ባለፉት ሁለት ሳምንታት የገዛችሁትን ሁሉ ጻፉ። ደረሰኝ ካስቀመጣችሁ ከደረሰኙ ገልብጡ፤ ከጭንቅላት የሚጻፍ ዝርዝር ትናንሾቹን ይረሳል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ከሦስት ቃላት አንዱን ጻፉ፦ እጅ፣ ስም ወይም ሸክም።

«እጅ» የምለው ካልዳሰሱት፣ ካላሸተቱት፣ ካላገላበጡት የማይገዛውን ነው። ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ትኩስ ሥጋ፣ ዓሣ። አቮካዶን እዩ። ለዛሬ ምሳ የሚሆነውና ከአራት ቀን በኋላ የሚደርሰው ፎቶ ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው አውራ ጣት ነው። ድንችም እዚህ ውስጥ ይገባል። ብርሃን ያገኘው ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአረንጓዴው ጋር ደግሞ ሶላኒን የሚባል መራራና መርዛማ ንጥረ ነገር ይጨምራል። ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በፌስታል ሲመጣ ቶሎ አይታይም።

«ስም» የምለው ስሙና መጠኑ ከተነገረ ማንም ቢያነሳው ያው የሆነውን ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ የታሸገ ሩዝ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና። የዚህን ፓኬት ለማንሳት የእናንተ ዓይን ምንም አይጨምርም።

«ሸክም» የምለው ደግሞ ክብደቱ ወይም ግዙፍነቱ የሚያስቸግረውን ነው። ውኃ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ የልብስ ሳሙና በትልቁ፣ ዳይፐር። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 1.5 ሊትር ስድስት ጠርሙስ የታሰረበትን ስታነሱ 9 ኪሎ በጣታችሁ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ደረጃ ላለበት ቤት ይህን ማዘዝ ቅንጦት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ክፍፍሉ ራሱ ይናገራል። ሸክሙን በዴሊቨሪ፣ ስሙን በዴሊቨሪ ወይም ሄዶ በመቀበል፣ እጁን ራሳችሁ። ወተትና እንቁላል መሀል ላይ ይቆማሉ። ስማቸው ይታወቃል፣ ግን ቀናቸውና ደህንነታቸው ይለያያል። እነሱን ካዘዛችሁ ማስታወሻ ጻፉ፤ እንዴት እንደሚጻፍ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በነገራችን ላይ ይህ ክፍፍል ከማዘዝ ታሪክ ጋር አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ አገር ጌትስሄድ ከተማ ውስጥ ጄን ስኖውቦል የተባሉ የ72 ዓመት አዛውንት ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በቴሌቪዥናቸውና በሪሞት ከሱፐርማርኬት አስቤዛ አዘዙ። በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከቤት ሆኖ አስቤዛ በማዘዝ የመጀመሪያ ከሚባሉት አንዷ ናቸው። ያዘዙት ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል ነበር። ዝርዝሩን ተመልከቱት። መዳሰስ የሚፈልግ አንድም ነገር የለበትም።

ራስ ገብቶ ከመደርደሪያ ማንሳትም ቢሆን ከጥንት የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ሲከፍት ነው ደንበኛ ቅርጫት ይዞ ራሱ እንዲያነሳ የተደረገው። ከዚያ በፊት ዝርዝሩን ለባለሱቁ ሰጥቶ ባንኮኒው ጋ መቆም ነበር የተለመደው። ስለዚህ «ሌላ ሰው ይምረጥልኝ» ማለት ስንፍና ነው ብሎ ራሱን የሚወቅስ ካለ ይተወው።

አንድ ነገር ልጨምር። አራስ ቤት ካለች፣ የታመመ ካለ፣ ወይም መውጣት የሚከብዳቸው አዛውንት ካሉ ክፍፍሉ ይለወጣል። ያን ጊዜ የእጅ ዕቃውም ይታዘዝ። ትንሽ የተመታ ቲማቲም ከተመታ ጉልበት ይሻላል።

2. ትክክለኛውን ዋጋ አስሉ

ብዙ ሰው ዴሊቨሪ ስንት ያስከፍላል ሲባል የማድረሻውን ክፍያ ብቻ ያያል። ዋናው ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ አፕ ላይ የዕቃው ዋጋ ራሱ መደርደሪያው ላይ ካለው ይበልጣል። ይህን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። በቅርቡ ራሳችሁ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፣ አሥር ዕቃ ምረጡ፣ እነዚያኑ ዕቃዎች በዚያው መጠን አፑ ላይ ፈልጉና ደምሩ። ደረሰኙ 100 ሲል አፑ 112 ካለ፣ ማድረሻው ሳይጨመር 12 በመቶ እየከፈላችሁ ነው። ሄዶ መቀበል ላይም ይህንኑ አድርጉ። አንዳንዱ ሱቅ ለሚመጣ ሰው የመደርደሪያውን ዋጋ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ አይጠብቅም።

ከዚያ የቀረውን ደምሩ። የማድረሻ ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ዝናብ ወይም ሰዓቱ ሲጨናነቅ የሚጨመር ካለ እሱ፣ ላመጣላችሁ ልጅ የምትሰጡት ጉርሻ። አፑ «ከዚህ በታች አይታዘዝም» የሚል ወሰን ካለው ደግሞ ወሰኑን ለመሙላት ብላችሁ የጨመራችሁት ብስኩትም ወጪ ነው።

በሌላው ሚዛን ላይ ራሳችሁ ስትሄዱ የሚወጣውን አስቀምጡ። የትራንስፖርት ወይም የነዳጅ፣ የፓርኪንግ። ጊዜውንም ከቤት በር እስከ ቤት በር ቁጠሩት፤ ሱቅ ውስጥ 30 ደቂቃ የቆየ ሰው መንገዱ፣ ሰልፉና መሸከሙ ሲጨመር ሌላ ቁጥር ያገኛል። እና አንዱ ትልቁ፦ ሳታስቡት ጋሪው ውስጥ የገባው። ባለፈው ደረሰኛችሁ ላይ ዝርዝራችሁ ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ አስምሩበትና ደምሩት። እኔ ይህን ሳደርግ ደነገጥኩ። ያ ድምር ማዘዝ ከሚጨምርባችሁ ወጪ ሁሉ የሚበልጥ ከሆነ ለእናንተ ቤት ዴሊቨሪው ርካሹ ነው።

በአንዱም በሌላውም መንገድ የሚጠቅም ሒሳብ ልስጣችሁ። የተለያየ መጠን ያላቸው ሁለት ፓኬቶች ሲቀርቡላችሁ ወደ ኪሎ ዋጋ ለውጧቸው። የ400 ግራሙን ዋጋ በ4 አካፍሉና በ10 አባዙ፣ የኪሎው ዋጋ ይኸው። ትልቁ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ስልክ ላይ ሆናችሁ ስታዙ ይህን ማድረግ ሰው እየገፋችሁ ከመደርደሪያ ፊት ከማድረግ ይቀላል፤ ማዘዝ ካሉት ጥቅሞች አንዱም ይኸው ነው።

3. ትእዛዙን ወጥ ቤታችሁን ለማያውቅ ሰው ጻፉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የታዘዘ አስቤዛ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነውና። ዕቃውን የሚያነሳው ሰው እናንተን አያውቃችሁም። ልጃችሁ ሽታው የጠነከረ አይብ እንደማይወድ፣ ቲማቲሙ ለሰላጣ ይሁን ለወጥ አያውቅም። የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት የሦስትና የአራት ሰው ትእዛዝ ይዞ ይሆናል።

መጀመሪያ መለኪያውን አረጋግጡ። አንድ ጊዜ ዝንጅብል ላይ «2» ብዬ ሞላሁ። ሁለት ፍሬ ማለቴ ነበር። አፑ የሚቆጥረው በኪሎ ነበርና 2 ኪሎ ዝንጅብል መጣልኝ። ለጎረቤት አካፈልኩ፣ የቀረውን ልጬ ፍሪዘር አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ቃል ሳላነብ አላልፍም፤ ኪሎ ነው፣ ፍሬ ነው፣ እስር ነው ወይስ ፓኬት? በተለይ አትክልትና ሥጋ ላይ።

ቀጥሎ ማስታወሻ። አብዛኛው አፕ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር መጻፊያ ቦታ አለው። አጭር፣ ቁርጥ ያለና በሚታይ ነገር ላይ የቆመ ይሁን። «ጥሩ ቲማቲም» ምንም አይልም። ማንም መጥፎ ላምጣ ብሎ አይነሳም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ቲማቲም 1 ኪሎ፤ ግማሹ ለዛሬ የበሰለ፣ ግማሹ ጠንካራ። የተሰነጠቀ ካለ ይቅር።»

«ሙዝ 6 ፍሬ፤ ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነ።»

«ወተት 2፤ እባክህ ከኋላ ካሉት፣ ቀኑ ራቅ ያለውን።»

«እንቁላል 12፤ ካርቶኑን ከፍተህ አንዱም እንዳልተሰነጠቀ እይልኝ።»

«አቮካዶ 3፤ አንዱ ለዛሬ፣ ሁለቱ ለሳምንቱ መጨረሻ። ለዛሬ የሚሆን ከሌለ ሦስቱም ጠንካራ ይሁኑ።»

የመጨረሻውን ልብ በሉት። «ከሌለ» የሚለውን አብሮ መጻፍ የስልክ ጥሪ ያስቀራል። «ከኋላ ካሉት» የሚለውም ምክንያት አለው። ሱቆች አዲስ ዕቃ ሲገባ አሮጌው ቀድሞ እንዲሸጥ ወደ ፊት ያወጡታል። ራሳችን ስንሄድ እጃችን ወደ ኋላ የሚዘልቀው ለዚህ ነው። የሚያነሳልን ሰው ግን ካልነገርነው የፊቱን ይዞ ይሄዳል።

ማስታወሻ በሁሉም ላይ አትጻፉ። ሃያ ማስታወሻ ያለው ትእዛዝ አንዱም አይነበብም። አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ለጨው ማስታወሻ አያስፈልገውም።

4. የምትክን ጉዳይ ቀድማችሁ ጨርሱ

የፈለጋችሁት ዕቃ ካለቀ ምን ይሁን? ይህን ያልወሰነ ሰው የሚቀበለው ሌላ ሰው የወሰነለትን ነው። አፑ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ሌላ ተመሳሳይ ይምጣ፣ ደውሉልኝ፣ ወይም ይቅር። ለዝርዝሩ በሙሉ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ በየዕቃው ምረጡ።

ፓስታና ሳሙና ላይ «ተመሳሳይ ይምጣ» ይሁን። ለዛሬ ራት ወሳኝ የሆነው ላይ «ደውሉልኝ»። የሕፃን ዱቄት ወተት፣ ሐኪም ያዘዘው የተለየ ምግብ፣ ቤት ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው የሚበላው ነገር ላይ ግን ያለ ምንም ማመንታት «ይቅር»። ሁለት ብስኩቶች በቀለምና በመጠን አንድ ሆነው በአንዱ ውስጥ ኦቾሎኒ ሊኖር ይችላል። የሚያነሳው ሰው ይህን ማወቅ አይጠበቅበትም። ምትክ ሆኖ የመጣ የታሸገ ምግብ ካለ ደግሞ የለመዳችሁት ቢመስልም ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ ለልጅ አትስጡ።

«ደውሉልኝ» ካላችሁ ስልካችሁን ድምፅ ላይ አድርጉና አጠገባችሁ አኑሩ። ሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። የምወደው አደዋወል ይህ ነው፦ «እናቴ፣ ሙዙ የበሰለ ብቻ ነው ያለው። ግማሽ ላምጣ ወይስ ልተወው?» ሁለት አማራጭ ይዞ ነው የደወለው። እንዲህ ላለ ልጅ ስሙን ይዤ፣ አፑ ላይ ጥሩ ነጥብ ሰጥቼ፣ በሚቀጥለውም እሱው እንዲመጣ እጠይቃለሁ።

ክፍያን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። በካርድ ስትከፍሉ፣ በሚዛን የሚሸጡ ዕቃዎች ትክክለኛ ክብደት ስላልታወቀ፣ ሂሳባችሁ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ሊያዝ ይችላል። ዕቃው ተመዝኖ ሲያልቅ ትክክለኛው ይቆረጥና የተያዘው ይለቀቃል። ከመደንገጣችሁ በፊት የመጨረሻውን ደረሰኝ እዩ።

5. ሰዓቱና አድራሻው

ቤት የምትሆኑበትን ሰዓት ምረጡ፤ ከዚያም ቢሆን ከሥራ የምትገቡበትን ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያለፈውን። የቀዘቀዘ ምግብ በር ላይ መቆየት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲቀመጥ ይመክራል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ከፍሪጅ ውጭ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ከ2 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። ይህ ሞተር ሳይክል ላይ ያለፈውንም ጊዜ ይጨምራል።

አድራሻ ላይ ካርታውን አትመኑ። ነጥቡን በጣታችሁ ይዛችሁ በራችሁ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በቃል ጨምሩበት፤ የበሩ ቀለም፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍቱ ይሠራ እንደሆነ፣ ማን እንደሚቀበል። አንዴ በደንብ ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁት ለዘለዓለም ይሠራል።

አንዳንድ አፕ ዕቃውን ለምትቀበሉበት ቁጥር ይልክላችኋል። ያን ቁጥር የምትናገሩት ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ግን ማንም ቢደውል፣ ባንካችሁ ወይም አካውንታችሁ የላከውን የይለፍ ቁጥር አትንገሩት። ዕቃ ለማድረስ ያ ቁጥር ፈጽሞ አያስፈልግም።

6. አዝዞ ሄዶ ለመቀበል

ይህ መንገድ የሚገባውን ያህል አይወራለትም። ማድረሻ አትከፍሉም፣ ሱቅ ውስጥ አትዞሩም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃውን እዚያው ማየት ትችላላችሁ። ከሥራ ወደ ቤት ስትመለሱ መንገዳችሁ ላይ ከሆነ የሚስተካከለው የለም።

ሥርዓቱ አጭር ነው። «ዝግጁ ነው» የሚል መልእክት ሳይደርሳችሁ አትነሱ። የቀኑ የመጨረሻ ጉዳያችሁ አድርጉት፤ አይስክሬም መኪና ውስጥ ትታችሁ ፀጉር ለመቆረጥ አትግቡ። ስትቀበሉ ፌስታሉን ክፈቱ። እንቁላሉን፣ አትክልቱን፣ ምትክ የገባውን እዩ። ያልወደዳችሁትን እዚያው መመለስ አንድ ደቂቃ ነው፤ ቤት ገብቶ መከራከር ቀን ይፈጃል። የሚያስረክበውም ሰው ክፉ አይለውም፣ «ይቺን ቀይርልኝ ወንድሜ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

እዚያው ከደረሳችሁ ደግሞ የእጅ ዕቃዎቹን ገብታችሁ ግዙ። ከባዱና ባለስሙ ተዘጋጅቶ ሲጠብቃችሁ፣ እናንተ በትንሽ ቅርጫት አትክልቱ ጋ ብቻ ሄዳችሁ መውጣት ትችላላችሁ። እኔ በአብዛኛው ሳምንት የማደርገው ይህን ነው።

7. ራሳችሁ ስትገቡ

በልታችሁ ግቡ። ዝርዝሩን በሱቁ አካሄድ ጻፉት እንጂ እንደታወሳችሁ አይሁን። መጀመሪያ ደረቁ፣ ከዚያ አትክልትና ፍራፍሬው፣ ከዚያ ከፍሪጅ የሚነሳው፣ በመጨረሻ የበረደው። ጥሬ ሥጋና ዶሮ ለብቻቸው በፌስታል ታስረው ከሥር ይቀመጡ፤ የሚንጠባጠበው ሳይበስል የሚበላ ነገር እንዳይነካ።

ዓይናችሁ ከፍታ ላይ ያለውን መደርደሪያ ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ሱቆች ሊሸጡት የሚፈልጉትን የሚያኖሩት እዚያ ነው። ዝቅ ብላችሁ የታችኛውን እዩ። ገንዘብ መክፈያው አጠገብ የተደረደረው ከረሜላና መጠጥም በሰልፍ ላይ የሚጠብቅን እጅ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ቀን ስታነቡ ሁለቱን ለዩ። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው የጤና ጉዳይ ነው፣ ቀልድ የለበትም። «እስከዚህ ቀን ጥራቱ የተሻለ ነው» የሚለው ግን ጣዕሙንና ጥራቱን ነው የሚናገረው። በቅናሽ የወጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቀኑ የተቃረበ ነው፤ ዛሬ የምትበሉት ከሆነ ግዙት፣ ለማስቀመጥ ከሆነ ተዉት።

8. ዕቃው ቤት ሲገባ

ላመጣው ልጅ ቶሎ ክፈቱለት። ውኃና ዱቄት ተሸክሞ ፎቅ የወጣ ሰው ነው። ጠረጴዛ ወይም ወለል አዘጋጁለት፣ ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ዝርዝር ገንዘብ ቀድሞ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ፍተሻው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከፍሪዘር የወጣው። እጃችሁን አስነኩት፤ ጠርዙ ከላላ ወይም ፓኬቱ ውስጥ ቀልጦ እንደገና የረጋ በረዶ ካለ ለይታችሁ አስቀምጡት። ቀጥሎ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ፤ ቀዝቃዛ መሆናቸውን፣ እንዳላፈሰሱ፣ ቀናቸውን። ከዚያ እንቁላሉን ክፈቱ። አንዳንዱን ፍሬ በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ ከሥሩ የተሰነጠቀ እንቁላል ካርቶኑ ላይ ተጣብቆ አይነሳም። ይህችን ዘዴ ማንም ሳይነግረኝ ብዙ የተሰነጠቀ እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ አስገብቻለሁ። አትክልቱ ከዚህ በኋላ። ደረቁ መጨረሻ ላይ ቢቆጠር ችግር የለውም፣ ቆጠራውን ግን በደረሰኙ አድርጉት። የጎደለ ዕቃ በደረሰኝ እንጂ በዓይን አይገኝም።

ስህተት ካገኛችሁ ዕቃውን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ አንድ ከፌስታሉ ጋር፣ አንድ ቀረብ ተብሎ፣ አንድ ደረሰኙን። ቅሬታ የሚቀበሉበት የጊዜ ገደብ ስላለ በዚያው ቀን ላኩት። «ሁሉም ተበላሽቶ ነው የመጣው» ብላችሁ አትጻፉ። «ከ12 እንቁላል 3ቱ ተሰንጥቀው መጥተዋል፣ ፎቶ አያይዣለሁ፣ የሦስቱ ዋጋ ይመለስልኝ» ብላችሁ ጻፉ። የምትፈልጉትን ስለነገራችኋቸው መልሱ ይፈጥናል። ያመጣው ልጅ ላይ አትጩኹ። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የመረጠው ሌላ ሰው ነው።

ስታስቀምጡም ትንሽ ጥንቃቄ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን። ጠንካራ ሆኖ የመጣውን ቲማቲምና አቮካዶ እስኪበስል ውጭ ተዉት። ቶሎ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ከሙዝ ወይም ከፖም ጋር በወረቀት ከረጢት ክተቱት፤ ከነሱ የሚወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያበስለዋል። በዚሁ ምክንያት ቅጠላ ቅጠልን ከሙዝ አርቁ።

9. ከአራት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩን እንደገና ክፈቱ

የመጀመሪያው ክፍፍላችሁ ሙሉ በሙሉ ልክ አይሆንም። የኔም አልነበረም። ካሮትን «እጅ» ብዬው ነበር፤ አራት ጊዜ ባዝዘው አራቴም ደህና ሆኖ መጣ፣ ወደ «ስም» አዛወርኩት። ዳቦን «ስም» ብዬው ነበር፤ ሁለቴ ከከባድ ዕቃ ሥር ተጨፍልቆ መጣ፣ ወደ «እጅ» ተመለሰ። በየትእዛዙ ምን እንደተበላሸ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፤ ዕቃው፣ ቀኑ፣ ምን እንደሆነ። አራት ሳምንት ሲሞላ ሁለት ጊዜ የተበላሸውን ራሳችሁ ግዙት፣ አንድም ጊዜ ያልተበላሸውን ማዘዝ ቀጥሉ። ወጪውንም በዚያው ደምሩና በ2ኛው ደረጃ ካሰባችሁት ጋር አስተያዩት።

ክፍፍሉ ከረጋ በኋላ የማይለወጠውን ክፍል፣ ማለትም ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ አፑ ላይ እንደ ቋሚ ዝርዝር አስቀምጡት። በወር አንዴ ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከመላካችሁ በፊት ግን መደርደሪያችሁን ከፍታችሁ እዩ። ቋሚ ዝርዝር ሳይታይ ሲላክ ሦስት ፓኬት ጨው ያለበት ቤት አራተኛ ይገባል።